አልሮጥ ያለችው የቤንዚን ጎልፍ ካርት፦ ፍጥነት የሚገድበውን ገቨርነር ከመነካካት በፊት ምን መታየት ነበረበት (የጉዳይ ጥናት)

ለምን ጻፍኩት

አትላንታና አካባቢዋ ያለን ሀበሾች ብዙ ነን፣ ወደ ደቡብ ወጣ ብለው ቤት የገዙት ደግሞ ከመኪና ሌላ ጎልፍ ካርት መያዝ ለምደዋል። ፒችትሪ ሲቲ የምትባለው ከተማ ለካርትና ለእግረኛ ተብሎ የተሰራ 100 ማይል ያህል መንገድ ስላላት ሰው ሱቅም ጎረቤትም የልጆች ኳስ ሜዳም በካርት ነው የሚሄደው። ጆርጂያ ራሷ የካርት አገር ናት፣ ኢዚጎና ክለብ ካር ኦገስታ አካባቢ ነው የሚመረቱት፣ የያማሃም ፋብሪካ ኑናን ነው ያለው። ስለዚህ ያገለገለ ካርት እንደ ልብ ይገኛል፣ እና ያገለገለ የቤንዚን ካርት የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ስሞታ አንድ ነው፣ "አትሮጥም"።

እኔ ትንንሽ ሞተሮች እሰራለሁ፣ ሳር ማጨጃ፣ ጀነሬተር፣ ካርት። ይሄኛውን ጉዳይ መርጬ የጻፍኩት አንድ ካርት ላይ ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት ነገር በሙሉ ተሰብስቦ ስላገኘሁትና አካሄዱም ለሌላ ሰው ይጠቅማል ብዬ ስላሰብኩ ነው። የባለቤቱን ስም አልጠቅስም፣ የካርቷን ስሪትም አልናገርም፣ የደረሰባት ነገር የአምራቹ ጥፋት አይደለምና።

ካርቷና ታሪኳ

ባለቤቱ ሃምሳዎቹን ያጋመሱ አባወራ ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ካርቷን የገዙት አማታቸውን ወደ ሱቅና ወደ ፓርክ ለማንሸራሸር ነው፣ ሴትየዋ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ብዙ መራመድ አይችሉም። ባለ አንድ ሲሊንደር ባለ አራት ምት ሞተር ያላት፣ ፔዳል ሲረገጥ የምትነሳ፣ ሲለቀቅ የምትጠፋ የተለመደችው አይነት ናት። የቀድሞው ባለቤት ከፍ የሚያደርግ ኪት አስገብቶ በፋብሪካው 18 ኢንች ጎማ ፋንታ 22 ኢንች ጎማ አስሮባታል። ከዛ በኋላ ቤንዚን ታንኳ ውስጥ እንዳለ ለረጅም ጊዜ ሸራ ለብሳ ጓሮ ቆማ ነበር። ይሄ የመጨረሻው ነገር ትንሽ ይመስላል ግን የችግሩ ግማሽ እዛ ውስጥ ነው ያለው።

እኔ ጋ ከመምጣቷ በፊት ብዙ ተሞክሯል። ካንዴላ ተቀይሯል፣ ታንኩ ውስጥ የማጽጃ ኬሚካል ተጨምሯል። አንድ ሱቅ "ሃይ ስፒድ ክላች ኪት ካላስገባችሁ አትሮጥም" ብሏቸው ዋጋውን ሲሰሙ ትተውታል። ከዛ ልጃቸው ቪዲዮ አይቶ የገቨርነሩን ሞላ አጠበቀው። "ምንም ለውጥ የለውም፣ እንደውም ቁልቁለት ላይ ታስፈራለች" አሉኝ።

ችግሩ በቁጥር ሲታይ

ስሞታ በወሬ ስለማይለካ መጀመሪያ ያደረግነው ስልክ ላይ ጂፒኤስ ከፍቶ ደልዳላ መንገድ ላይ ሄዶ መመለስ ነው፣ በሁለቱም አቅጣጫ ማለቴ ነው ምክንያቱም ደልዳላ የሚመስል መንገድ ብዙ ጊዜ ደልዳላ አይደለም። በሰዓት 10 ማይል፣ 16 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ዳገት ላይ ሰው በፈጣን እርምጃ የሚቀድማት ትሆናለች። ፍሬን ሲያዝ ወደ ግራ ትጎትታለች፣ ስትቆም ደግሞ ከኋላ የተቃጠለ ነገር ይሸታል።

ለማነጻጸር ያህል፣ ለጎልፍ ሜዳ የሚሰራ ካርት ከፋብሪካ ሲወጣ ጣሪያው በሰዓት 15 ማይል አካባቢ ነው። የጆርጂያ ህግ ደግሞ የግል ማጓጓዣ ብሎ የሚቀበለው ደልዳላ መንገድ ላይ ከ20 ማይል በታች የሚሄደውን ነው። ከ20 በላይ እስከ 25 ያለው እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በፌዴራል ደንብ ሌላ ምድብ ሆኗል፣ መብራት፣ የኋላ ማሳያ መስታወት፣ የፊት መስታወት፣ ቀበቶ፣ የሻንሲ ቁጥር ምናምን ይጠየቃል። ስለዚህ "እንድትሮጥ አድርግልኝ" የሚል ሰው ሲመጣ እስከ ስንት የሚለውን አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል፣ እኛም ከጋሼ ጋር ከ20 በታች ብለን ተስማማን።

ፍጥነቱ ከየት ነው የሚመጣው

እዚህ ጋ ትንሽ ታገሱኝ፣ ይሄ ካልገባ ቀሪው አይገባም። ሞተሩ ሲፈጥን ዘንጉ ላይ ያለው የመጀመሪያው ክላች ውስጥ ያሉ ክብደቶች ወደ ውጪ ይወጣሉ፣ ሁለቱን ሳህኖች ያቀራርባሉ፣ መሀላቸው ያለው ቺንጋ ተጨምቆ ወደ ሳህኑ ጠርዝ ይወጣል። ኋላ ማርሽ ሳጥኑ ላይ ያለው ሁለተኛው ክላች ደግሞ በተቃራኒው ይከፈትና ቺንጋውን ወደ መሀሉ ያስገባዋል። ማርሽ መቀየር ማለት ለካርት ይሄ ነው፣ ቺንጋው ከፊት ጠርዝ ድረስ ካልወጣ ሞተሩ የቱንም ያህል ቢጮህ ካርቷ አትፈጥንም።

ገቨርነሩ ያለው ኋላ ማርሽ ሳጥኑ ውስጥ ነው፣ የሚዞረው ከጎማው ጋር ነው። ፍጥነቱ የተወሰነለት ቦታ ሲደርስ አንድ ክንድ ይገፋል፣ ክንዱ የካርቡራተሩን (ነዳጅና አየር የሚቀላቀልበትን) በር ይመልሳል፣ ሞላው ደግሞ ክንዱን ይቃወማል። ሞላው ሲጠብቅ በሩ ዘግይቶ ይዘጋል ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ገቨርነር ፍጥነት አይሰጥም፣ ይከለክላል እንጂ። 10 ማይል ላይ የተንጠለጠለች ካርት ክልከላው ጋ ገና አልደረሰችም፣ ስለዚህ ክልከላውን ከፍ ማድረግ ምን ይጠቅማታል?

ሌላው ደግሞ ገቨርነሩ የሚያየው የአክስሉን ዙር ነው፣ መንገዱን አያይም። በ18 ኢንች ጎማ 15 ማይል ላይ የሚዘጋ ገቨርነር 22 ኢንች ጎማ ሲታሰር 18 ማይል ላይ ነው የሚዘጋው፣ ማንም ሳይነካው። በዛው ልክ ግን የመጎተት አቅሟ ይቀንሳል፣ ዳገት ላይ የምትደክመው አንዱም በዚህ ነው።

ያደረግነው

የመጀመሪያው ስራ ገቨርነሩን ወደ ቦታው መመለስ ነበር። ጋሼ ትንሽ ገርሟቸው "የኔ ልጅ፣ እኔ እንድትፈጥን ነው ያመጣኋት" አሉኝ። "ጋሼ፣ አሁን የያዛትን ነገር ስናስለቅቅ ይሄ እንደጠበቀ ከሆነ ፍሬኗ የማይችለው ፍጥነት ውስጥ ትገባለች፣ አማትዎ ደግሞ ጎንዎ ነው የሚቀመጡት" አልኳቸው፣ ገባቸው። የት እንደነበረ ማወቅ አላስቸገረም፣ ሞላውን የሚያጠብቀው ዳዶ ለአመታት የተቀመጠበት ቦታ ላይ ጥርሱ ዝጎ ጠቁሯል፣ በቅርብ የዞረበት ደግሞ ያብረቀርቃል፣ የዝገቱ መስመር ድረስ መልሰን በሰርቪስ ማኑዋሉ አሰራር አረጋገጥን። ከዛ ወጥተን ለካናት፣ ያው 10 ማይል። ለኔ ይሄ ከሁሉም የበለጠ ማስረጃ ነው፣ ሞላው ሲጠብቅም ሲላላም ፍጥነቱ አንድ ከሆነ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።

ቀጥሎ ፍሬን። የፊት ጎማዎቹን ግራና ቀኝ ታኮ አድርገን ኋላዋን በክሪክ አነሳንና ቋሚ ድጋፍ ላይ አሳረፍናት (በክሪክ ብቻ የቆመ ነገር ስር እጃችሁን አትስደዱ)፣ ማርሹን ኒውትራል አድርገን ጎማዎቹን በእጅ አዞርን። ቀኙ ልቅ ነው፣ ግራው በሁለት እጅ ካልተገፋ አይዞርም። ታምቡሩ ሲከፈት የግራው የፍሬን ሸራ አልቆ ብረቱ ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው፣ ከውስጥም የተቃጠለ ዱቄት ነው የወጣው። ምክንያቱ ካቦው ነው፣ ሽፋኑ ውስጥ ዝጎ ፔዳሉ ሲለቀቅ አይመለስም፣ ማለትም ካርቷ ግማሽ ፍሬን ይዛ ነበር የምትሄደው። ሁለቱንም ካቦዎች፣ የሁለቱንም ጎማ ሸራዎችና ሞላዎች ቀየርን። አንዱን ጎን ብቻ መቀየር ገንዘብ መቆጠብ ይመስላል ግን ፍሬኑ እኩል አይዝም፣ መጎተቱም አይቀርም። ፍጥነቷ 12 ማይል ሆነ፣ ሽታውም ጠፋ።

ከዛ ነዳጅ። ሞተሩ ዝቅተኛ ላይ ጥሩ ነው፣ ፔዳሉ እስከ መጨረሻ ሲረገጥ ግን ይንቀጠቀጣል፣ እንደመታፈን ይለዋል። አንድ ቀላል ሙከራ አለ፣ ካርቷ ሙሉ ተረግጣ እየሄደች ጎን የተቀመጠው ሰው ቾኩን (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚያጠበውን) ትንሽ ይስባል፣ ሞተሩ ባሰበት ከሆነ ነዳጅ በዝቶበታል ወይም ሌላ ነገር ነው፣ ከተሻለው ግን ነዳጅ እያጠረው ነው። የኛዋ ቾኩ ሲሳብ ወዲያው ነፍስ ዘራች። ስለዚህ ከታንኩ ጀምረን እስከ ካርቡራተሩ በተራ ሄድን። የነዳጅ ፊልትሮው ጠቁሯል። ጎማ ቱቦዎቹ ተሰነጣጥቀዋል፣ በተለይ ከሞተሩ ወደ ነዳጅ ፓምፑ የምትሄደው ቀጭኗ። የነዚህ ካርቶች ፓምፕ የሚሰራው በሞተሩ ውስጥ ባለው የአየር ግፊት ምት ነው፣ ያቺ ቱቦ ትንሽ አየር ካስገባች ፓምፑ ይደክማል፣ ፓምፕ ተበላሸ ተብሎ የሚቀየረውም ብዙ ጊዜ በሷ ምክንያት ነው። ታንኩ ውስጥ ያለው ቤንዚን ቢጫነቱ ወደ ቡና ሄዷል፣ ሽታውም የቫርኒሽ ነው። እዚህ አገር ያለው የተለመደ ቤንዚን እስከ 10 ፐርሰንት ኤታኖል አለበት፣ ኤታኖል ውሃ ይስባል፣ ወራት ሲቆም ይለያያል፣ ካርቡራተሩ ውስጥም ሙጫ ይተዋል።

ካርቡራተሩን ሳንፈታ በስፕሬይ ለማጽዳት ሞክረን ነበር፣ ለአንድ ቀን የተሻላት መሰለና ተመለሰባት። አውርደን ፈታነው። ዋናው ጄት (ነዳጁ የሚያልፍበት ቀዳዳ ያለው ትንሽ እቃ) ወደ ብርሃን ተይዞ ሲታይ ክብ መሆን የነበረበት ቀዳዳ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ይዟል፣ ጎኑ ላይ አረንጓዴ ነገር ጋግሮበት። ሽቦ አላስገባንም፣ ሽቦ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፣ ማጽጃ ውስጥ ዘፍዝፈን በአየር ነፋነው። አዲስ ቱቦ፣ አዲስ ፊልትሮ፣ የአየር ፊልትሮም አብሮ፣ አዲስ ቤንዚን። 15 ማይል ደረሰች፣ ጋሼም "በቃ ይበቃል" አሉ።

እኔ ግን አልበቃኝም፣ ምክንያቱም በ22 ኢንች ጎማ ገቨርነሩ የሚዘጋው 18 ላይ ነው፣ 15 ላይ የምትቆም ከሆነ አሁንም የያዛት ነገር አለ ማለት ነው፣ ያ ነገር ደግሞ ነገ ሊብስ ይችላል። ቺንጋውን ለማየት የመጀመሪያው ክላች ሳህን ላይ ከመሀል እስከ ጠርዝ በማርከር መስመር አሰመርን፣ ከዛ ሙሉ ረግጠን ሄደን ተመለስን። ቺንጋው በወጣበት ድረስ ማርከሩን ይጠርገዋል፣ ያልደረሰበት ላይ መስመሩ እንዳለ ይቀራል። የኛ ላይ የላይኛው ሲሶ ሳይነካ ቀርቷል። ቺንጋው ሲወጣ ጎኖቹ እንደ መስታወት ያብረቀርቃሉ፣ ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን ሲያዝም ጠቧል፣ ወደ ሶስት ሚሊሜትር ይሆናል። የጠበበ ቺንጋ ሳህኖቹ ሙሉ ቢቀራረቡም ጠርዝ አይደርስም። በዛ ላይ የክላቹ ሳህን የዘይት ፊልም ነበረበት፣ አንድ ሰው ቅባት የሚያስፈልገው መስሎት የሆነ ነገር ረጭቶበታል። ክላች ሳህን ላይ ዘይትም ቅባትም አይደረግም፣ አይደረግም። አጽድተን በአምራቹ ቁጥር የተሰራውን ቺንጋ አስገባን፣ በርካሽ የሚሸጠው ተመሳሳይ የሚባለው ርዝመቱም ስፋቱም በትንሹ ስለሚለይ ፍጥነት ላይ ያሳያል።

ለካናት፣ 18 ማይል። ማርከሩም ጠርዝ አካባቢ ድረስ ተጠርጓል፣ ገቨርነሩም ለመጀመሪያ ጊዜ ስራውን ሲሰራ ተሰማ፣ 18 ላይ ስትደርስ የሞተሩ ድምጽ ረገብ ይላል። የተገዛው እቃ በሙሉ ተደምሮ ሱቁ ከጠየቃቸው የክላች ኪት ዋጋ በታች ነው።

ያልሰራው ነገር

የፍሬን ካቦውን መጀመሪያ በዝገት ማላቀቂያ ዘይት ለማዳን ሞክረን ነበር፣ እጅ ላይ ሲሳብ ለቀቀ፣ ታስሮ ጥቂት ሲሰራ ደግሞ ተመልሶ ያዘ። አንዴ ውስጡ የዛገ ካቦ ሰው የሚጓዝበት ነገር ላይ መመለስ የለበትም። ታንክ ውስጥ የሚጨመረው ኬሚካልም ለጋገረ ጄት ምንም አልፈየደም፣ እሱ የሚጠቅመው ትኩስ ቤንዚን ላይ አስቀድሞ ሲጨመር ነው። ካንዴላውም ድሮም ደህና ነበር።

ዳገቱ ደግሞ ሙሉ በሙሉ አልተፈታም። ከበፊቱ ጋር አይወዳደርም፣ ግን አራት ሰው ጭና ትልቁን ዳገት ስትወጣ አሁንም ትደክማለች፣ ይሄ የጎማው ነገር ነው እንጂ የሚጠገን ነገር አይደለም። ለዚህ ተብሎ የሚሸጥ የክላች ሞላ አለ፣ ጉልበት ይሰጥና ከላይኛው ፍጥነት ይወስዳል፣ ጋሼ አልፈለጉም።

ለሌላ ካርት የሚሆነው

ፍጥነት የጠፋባትን የቤንዚን ካርት እኔ የማያት በዚህ ቅደም ተከተል ነው፦ መለካት፣ የተነካካውን ወደ ፋብሪካው ቦታ መመለስ፣ የሚይዛትን መፈለግ (ፍሬን፣ የጎማ አየር፣ ኩሽኔታ)፣ ሞተሩ የሚበላውንና የሚተነፍሰውን ማየት (ነዳጅ፣ አየር፣ የተደፈነ የጭስ ማውጫ ማርሚታ)፣ ከዛ ክላችና ቺንጋ። ገቨርነሩ የሁሉም መጨረሻ ነው። እና በየመሀሉ መለካት፣ አንድ ነገር ቀይሮ መለካት፣ ምክንያቱም አምስት ነገር አንዴ ቀይሮ የተሻለው በየትኛው እንደሆነ የማያውቅ ሰው በሚቀጥለው ጊዜም ከዜሮ ነው የሚጀምረው።

ገቨርነሩን በፕላስቲክ ማሰሪያ አስረው የሚሄዱ ልጆች አይቻለሁ፣ ቪዲዮውም ሞልቷል። እባካችሁ ተዉት። የዚች አይነት ካርት ፍሬን ያላት ኋላ ብቻ ነው፣ ያውም በካቦ የሚሳብ ትንሽ ታምቡር፣ ከ12 ወደ 24 ማይል ስትሄዱ ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለማቆም የሚያስፈልገው ርቀት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው የሚሆነው። ከፍ የተደረገች ካርት ደግሞ ኩርባ ላይ ትገለበጣለች፣ በር የላት፣ ብዙዎቹም ቀበቶ የላቸው። ሞተሩም ከታሰበለት ዙር በላይ ሲሽከረከር የፒስተኑ ክንድ ሊሰበር ይችላል፣ ያኔ ሞተር መቀየር ነው። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ገቨርነሩ ደህና ቢሆንም በሩን ይዘጋል እንጂ አይዛችሁም፣ እዛ ያላችሁ ፍሬን ብቻ ነው።

የእንክብካቤው ነገር ብዙ አይደለም። ዘይትና ፊልትሮ በማኑዋሉ ሰዓት፣ ብዙ የማትነዳ ከሆነም ቢያንስ በአመት አንዴ። ለክረምት የምትቆም ከሆነ ማረጋጊያ የተጨመረበት ትኩስ ቤንዚን ሞልቶ ካርቡራተሩ ውስጥ እስኪገባ ጥቂት ማስነሳት፣ ወይም ካርቡራተሩን ማፍሰስ። የጎማ አየር ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ሳያልፍ፣ ብዙዎቹ 20 ፒኤስአይ አካባቢ ናቸው፣ በላላ ጎማ የምትሄድ ካርት ራሷ ቀርፋፋ ናት። ከነዳችሁ በኋላ ደግሞ የኋላ ታምቡሮቹን እጃችሁን ጠጋ አድርጋችሁ ሙቀታቸውን አወዳድሩ፣ አንዱ ከሌላው በጣም ከጋለ ፍሬኑ ይዟል ማለት ነው፣ መሳሪያም አይፈልግም። ሞተሩን ስትፈትሹ ጋራዡን ክፈቱ፣ የካርት ጭስ ትንሽ ይመስላል ግን የተዘጋ ቤት ውስጥ ይገድላል።

አሁን ያለችበት

ከጥገናው በኋላ ካርቷ በየጊዜው ትታያለች፣ ፍጥነቷ 18 ላይ ነው ያለችው፣ ፍሬኑም ቀጥ አድርጎ ነው የሚያቆማት። ልጁ የለካበትን ቀንና ቁጥር ወንበሩ ስር በለጠፈው ወረቀት ላይ ይጽፋል፣ ቁጥሩ ከወረደ መጀመሪያ የታምቡሮቹን ሙቀት አወዳድሮ ነው የሚደውልልኝ። የቀረው የጎማው ጉዳይ ነው፣ አማትየዋ ካርቷ ከፍ ስላለችባቸው ለመውጣት ሰው ይደግፋቸዋል፣ ጋሼም ኪቱን አውጥተው ወደ 18 ኢንቹ ጎማ ለመመለስ እያሰቡ ነው። ከመለሷት ፍጥነቷ 15 አካባቢ ይሆናል፣ ዳገቱንም አራት ሰው ጭና ከአሁኑ በተሻለ ትወጣለች።